የሪሞት ትራክ ጥገናና ማሻሻያ

የሪሞት ትራክ በሬዲዮ ሞገድ ከርቀት የሚነዳ፣ ትልልቅ ጎማና ረጅም ሞላ ያለው፣ ለአስቸጋሪ መሬት የተሠራ የሞዴል መኪና ነው። «ትራክ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ እንደ ሲኖትራክ ያለውን የጭነት መኪና ሳይሆን ፒክአፕ የሚመስለውን ሞዴል ያመለክታል። መጠኑ በክፍልፋይ ይነገራል፤ 1/10 ሲባል የሞዴሉ 1 ሴንቲሜትር ከእውነተኛው መኪና 10 ሴንቲሜትር ጋር እኩል ነው ማለት ነው። በብዛት የሚገኙት 1/10 እና 1/8 ናቸው።

ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው የሆቢ ደረጃ የሚባሉትን ትራኮች ነው። ለልጆች መጫወቻ ተብሎ በሚሸጠው የሪሞት መኪና ውስጥ ሪሲቨሩ፣ የሞተር መቆጣጠሪያውና የመሪው ክፍል ባንድ ሰርኪት ላይ ተበይደው ስለሚመጡ አንዱ ሲበላሽ መኪናው በሙሉ ይጣላል። የሆቢ ደረጃ ትራክ ግን እያንዳንዱ ክፍሉ በብሎን የታሰረ፣ የራሱ የመለያ ቁጥር ያለውና ለብቻው የሚገዛ ነው። ስለዚህ መጠገንም ማሻሻልም ይቻላል። ይሁን እንጂ ማሻሻያ አብዛኛውን ጊዜ ስብራትን አያስቀርም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ያዛውረዋል። መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት አገር ይህን አለማወቅ ትራኩን ለወራት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል።

ታሪክ

የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ የመጀመሪያውን በሬዲዮ የሚነዳ መኪናውን፣ የ1/12 መጠን ያለውን ፖርሽ 934፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ያ መኪና ለአስፋልት የተሠራ ነበር። በ1979 ሳንድ ስኮርቸርና ራፍ ራይደር የተባሉት ከመንገድ ውጪ የሚነዱ ሞዴሎች ተከተሉ። በ1987 የወጣው ክሎድ በስተር ሁለት ሞተር ነበረው፤ አራቱም ጎማዎቹ ይነዳሉ፣ አራቱም ይታጠፋሉ። በዚያ ዘመን ገዢው መኪናውን የሚያገኘው ተበታትኖ በሳጥን ውስጥ ሲሆን ራሱ መገጣጠም ነበረበት። በዚህም ምክንያት ሲሰበር የት እንደሚፈታ ያውቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የተቋቋመው ትራክሳስ ተገጣጥሞ፣ ለመነዳት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ትራክን በማስፋፋት ይታወቃል። በ2008 ያወጣው ስላሽ የተባለው የ1/10 ትራክ ከብዙ ጀማሪዎች እጅ ገብቷል፤ በ2017 ደግሞ በዝግታ ድንጋይ ለሚወጡት ክሮውለሮች ቲአርኤክስ-4 የተባለውን አቀረበ። ተዘጋጅቶ መሸጡ ነገሩን ቀላል ቢያደርገውም ባለቤቱ የመኪናውን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በተሰበረበት ቀን ሆነ።

ሬዲዮውም ተለውጧል። በ27 ሜጋኸርዝ ዘመን እያንዳንዱ መኪና የራሱ ክሪስታል ስለነበረው ሁለት ሰዎች ባንድ ቻናል ከከፈቱ አንዱ የሌላውን መኪና ይረብሽ ነበር። አሁን የተለመደው 2.4 ጊጋኸርዝ ሲሆን ሪሞቱና ሪሲቨሩ አንድ ጊዜ ከተጣመሩ በኋላ ሌላውን ምልክት አይቀበሉም።

ክፍሎቹና አጠራራቸው

የትራኩ አካላት የእውነተኛ መኪና ታናናሾች ስለሆኑ ጋራዥ ውስጥ የሚነገሩት፣ አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የገቡት ቃላት እዚህም ይሠራሉ። ሁሉም ነገር የሚታሰርበት ወለል ሻንሲ ነው። ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ ብራቾ፣ ከሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጥርስ ፒኞን፣ ተሽከርካሪውን ዘንግ የሚይዘው ኩሽኔታ፣ ሞተሩንና ማርሹን የሚያገናኘው ተንሸራታች ክፍል ፍሪሲዮን ይባላል። ከዘይትና ከሞላ የተሠራው ሾክ አብዞርበርም፣ ዲፈረንሻሉም በስማቸው አሉ። በልጅነቱ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ የነዳ ሰው መሪው እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ብዙም አይቸገርም።

አዲስ የሚሆነው ኤሌክትሮኒክሱ ነው። ባትሪው ኃይሉን የሚሰጠው ኢኤስሲ ለሚባለው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው። ኢኤስሲው ሞተሩን ያንቀሳቅሳል፤ በተጨማሪም ቮልቱን ዝቅ አድርጎ ለሪሲቨሩና መሪውን ለሚያዞረው ሰርቮ ያካፍላል። ሪሲቨሩ ለሰርቮውም ለኢኤስሲውም የሚልከው ትእዛዝ አንድ ዓይነት ነው፦ በሴኮንድ ወደ 50 ጊዜ የሚደጋገም አጭር የኤሌክትሪክ ምት። ምቱ 1.5 ሚሊሴኮንድ ሲረዝም መሃል፣ ወደ 1 ሲያጥር አንድ ጫፍ፣ ወደ 2 ሲረዝም ሌላው ጫፍ ነው። የአርዱዪኖ ቦርድ ይህን ምት መላክም ማንበብም ስለሚችል፣ የኮምፒውተርና የኤሌክትሪክ ተማሪዎች ሰርቮና ኢኤስሲን ያለ ሪሞት ሊፈትሹበት ይችላሉ።

ብልሽትን መለየት

የፕሮግራም ስህተት እንደሚፈለገው ሁሉ የትራክ ብልሽትም የሚገኘው አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ በመሞከር ነው። ፍለጋው ከባትሪው ይጀምራል። «ኢኤስሲው ተቃጥሏል» ከተባሉት ትራኮች ውስጥ ያለቀ ባትሪ ወይም የላላ ሶኬት ሆኖ የሚገኘው ጥቂት አይደለም።

መሪው አልታጠፍ ሲል ጥፋቱ የሰርቮው ነው ወይስ የሪሲቨሩ? መሣሪያ የማይፈልግ ፈተና አለ። ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው፣ በሪሲቨሩ ላይ አንደኛው ቻናል ውስጥ ያለው የሰርቮ ገመድና ሁለተኛው ቻናል ውስጥ ያለው የኢኤስሲ ገመድ ቦታ ይለዋወጣሉ። በነዳጅ መስጫው ሲታዘዝ ሰርቮው ከታጠፈ ሰርቮው ደህና ነው፤ ችግሩ በአንደኛው ቻናል ወይም በሪሞቱ መሪ ላይ ነው። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ሰርቮው ይቀየራል።

ብሩሽለስ የሚባለው ሞተር ሦስት ገመድ አለው። ከሦስቱ አንዱ ሲላላ ሞተሩ ሳይዞር ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ሞተሩ የሞተ ይመስለዋል፤ ግን መጀመሪያ የሚታየው የገመዱ ማያያዣ ነው። ሴንሰር በሌለው ዓይነት ላይ ከሦስቱ ሁለቱን ማለዋወጥ የሞተሩን አዟዟር ይገለብጣል እንጂ ጉዳት አያመጣም። ካርቦን ያለው የድሮው ዓይነት ሞተር ደግሞ ካርቦኑ እያለቀ ሲሄድ ይዳከማል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም በጣት ገፋ ሲያደርጉት ብቻ ይነሣል።

ሌላው ተደጋጋሚ ችግር ትራኩ በኃይል ሲነዳ ለአፍታ ጠፍቶ መመለሱ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሪሞት ርቀት ችግር አይደለም። ትልቅ ሰርቮ ባንዴ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲስብ ለሪሲቨሩ የሚደርሰው ቮልት ይወርድና ሪሲቨሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ሰርቮው ተነቅሎ፣ ትራኩ ቀስ ብሎ ቀጥታ ሲነዳ ችግሩ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኘ።

ከማርሽ አካባቢ የሚሰማ የመሰባበር ድምፅ ጥርስ መበላቱን ያመለክታል። ፒኞኑና ትልቁ ማርሽ በጣም ከተጣበቁ ይሞቃሉ፣ ከተራራቁ ጥርስ ይላጫሉ። ልኩን ለማግኘት አንድ ቀጭን የደብተር ወረቀት በመካከላቸው አስገብቶ፣ ገፋ አድርጎ፣ የሞተሩን ብሎን ማጥበቅና ወረቀቱን አዙሮ ማውጣት ይበቃል። ወረቀቱ ሳይቀደድ እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ ከወጣ ልክ ነው።

ፊውዝ የሆኑ ክፍሎች

ቆጣሪ ላይ ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ አስሮ መቀጠል የተለመደ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ግን ፊውዙ ሳይሆን የግድግዳው ገመድ ነው። በሪሞት ትራክም ላይ አምራቹ ሆን ብሎ ፊውዝ ያደረጋቸው ክፍሎች አሉ።

አንደኛው ፍሪሲዮኑ ነው። ትራኩ ዘሎ ሲያርፍ፣ ሞተሩ እየዞረ ጎማው ባንዴ መሬት ሲነካ፣ ፍሪሲዮኑ ትንሽ ተንሸራትቶ ጥርሶቹን ያድናል። «ኃይል ያባክናል» በሚል እስከ መጨረሻው የሚያጠብቁት አሉ፤ ውጤቱ የተላጨ ማርሽ ነው። ሁለተኛው በሰርቮው ክንድ ላይ ያለው በሞላ የሚሠራ ማለዘቢያ ሲሆን ጎማው ድንጋይ ሲመታ ምቱ ወደ ሰርቮው ጥርስ እንዳይደርስ ያደርጋል። ሦስተኛው የፕላስቲክ ብራቾው ራሱ ነው። ብራቾ የሚሠራው ከናይሎን ነው፤ ሲመታ ይታጠፍና ይመለሳል፣ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ይሰበራል። ዋጋውም ከሻንሲው ጋር አይወዳደርም።

ብዙ ጀማሪ መጀመሪያ የሚገዛው የአሉሚኒየም ብራቾ ነው። ያምራል፣ ያንጸባርቃል። ነገር ግን አሉሚኒየም ከታጠፈ አይመለስም፤ ካልታጠፈ ደግሞ ምቱን ሳይቀንስ ወደ ሻንሲውና ወደ ብሎኖቹ መቀመጫ ያሳልፋል። አሉሚኒየም ቦታው መታጠፍ በማይገባው ክፍል ላይ ነው፤ ለምሳሌ ሙቀት ማስወጣት ባለበት የሞተር መያዣ ወይም በመሪው መገጣጠሚያ ላይ። ለብራቾ ግን እንደ አሜሪካው አርፒኤም ያሉ አምራቾች የሚሠሩት ወፍራምና ተለጣጭ ናይሎን ይመረጣል።

ናይሎን ትንሽ እርጥበት ሲይዝ ይበልጥ ይጠነክራል፣ በጣም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አዲስ የናይሎን ብራቾን ከመግጠም በፊት በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ማቆየት የቆየ ልማድ ነው። የተሰበረን ብራቾ በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ግን ለአንድ ዝላይ እንኳ አይበቃም። የላይኛው ስስ የፖሊካርቦኔት ገላ ሲሰነጠቅ ከውስጥ በኩል በፋሻና በተለጣጭ ማጣበቂያ ይደገፋል፤ ጠንካራ ሟሟ ያለበት ማስቲሽ ፕላስቲኩን ስለሚሰነጥቀው አስቀድሞ ጥግ ላይ ይሞከራል።

የሞተር ማሻሻያ የሚያስከትለው

የብሩሽለስ ሞተር ፍጥነት ኬቪ በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ይህም ጭነት በሌለበት ሞተሩ ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። 3500 ኬቪ ያለው ሞተር ባለ ሁለት ሴል፣ 7.4 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ሲገጠምለት 25,900 ጊዜ ይዞራል። ባለ ሦስት ሴሉ 11.1 ቮልት ሲገጠም 38,850 ይደርሳል። ፍጥነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የግጭት ጉልበት ግን ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ 2.25 እጥፍ ይሆናል። ሻንሲው፣ ብራቾውና ማርሹ ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ተከታታይ ነው። መጀመሪያ ወደ ጎማ የሚሄደው የፕላስቲክ ሴሚያስ ይጠመዘዛል። በብረት ሲተካ ጉልበቱ ወደ ዲፈረንሻሉ ይሻገርና ጥርሱን ይላጫል። ዲፈረንሻሉ ሲጠነክር ቤቱ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ ተደምሮ ግን ከትራኩ መግዣ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ሞተር የሚቀይር ሰው ወጪውን ሲያሰላ ሴሚያሱንና ዲፈረንሻሉን አብሮ ቢያስብ ይሻላል። ብዙ ሳያወጣ ለውጥ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ጎማና የሾክ ዘይት ቢቀይር ትራኩ መሬት ይበልጥ ይይዛል፤ በትክክል የሚታጠፍ ትራክ ደግሞ ብዙም አይጋጭም።

የጥርስ ቁጥር መለወጥም ማሻሻያ ነው። ትልቁ ማርሽ 90፣ ፒኞኑ 18 ጥርስ ቢኖራቸው ጥምርታው 5 ነው። ፒኞኑ ወደ 20 ሲያድግ ጥምርታው 4.5 ይሆንና የትራኩ ፍጥነት በ11 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሞተሩ ግን ይበልጥ ስለሚለፋ ይሞቃል። ከአምስት ደቂቃ ንጂ በኋላ ሞተሩን በጣት ለጥቂት ሴኮንድ መያዝ ካልተቻለ ፒኞኑ በዝቷል።

ባትሪ

በትራኩ ላይ ካሉት ክፍሎች ሁሉ ቤት ሊያቃጥል የሚችለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪው ነው። ስለዚህ ሌላውን በግምት መሥራት ቢቻል ይህን አይቻልም።

የእያንዳንዱ ሴል ስም ቮልት 3.7 ሲሆን ሲሞላ 4.2 ይደርሳል፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ከ3.0 በታች ከወረደ ይጎዳል፤ ኢኤስሲው ቮልት ሲወርድ የሚያቆምበት መከላከያ ካለው መከፈት አለበት። የድሮው የኒኬል ባትሪ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይፈልግም ነበር፤ ስለዚህ የኒኬል ቻርጀር ለሊቲየም ፈጽሞ አይሆንም። የሚያስፈልገው ሴሎቹን እያመጣጠነ የሚሞላ ቻርጀር ነው። 5000 ሚሊአምፒርሰዓት ባትሪ በ5 አምፒር ሲሞላ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ይህ 1ሲ የሚባለው የተለመደ ልክ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪም መሥራታቸው ይጠቅማል።

በሚሞላበት ጊዜ ሰው አጠገቡ ይኖራል። አልጋና ምንጣፍ ላይ አይቀመጥም። ብዙ ነጂዎች ሳይታሸግ በተከፈተ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ይሞላሉ፣ አሸዋም ያዘጋጃሉ። ከሳምንት በላይ ሳይነዳ የሚቆይ ከሆነ ሴሉ በ3.8 ቮልት አካባቢ ይቀመጣል፤ ሞልቶ ለወራት የተቀመጠ ባትሪ ያረጃል፣ ይነፋል። የተነፋ ባትሪ አይበሳም፣ አይጨመቅም፣ እንደገናም አይሞላም። ከቤት ውጪ በመኪና አምፖል ቀስ ብሎ እስከ ዜሮ እንዲያልቅ ተደርጎ ጫፎቹ ይሸፈናሉ።

የባትሪ ሶኬት ሲቀየር ሁለቱ ገመዶች ባንድ ጊዜ አይቆረጡም። መቁረጫው ሁለቱን ባንድነት ከነካ ባትሪው በመቁረጫው በኩል ይዘጋል፤ ብልጭታው ዓይን ይጎዳል። አንዱ ተቆርጦ፣ ተበይዶና ተሸፍኖ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። ወፍራም የባትሪ ገመድ ሙቀት ስለሚወስድ የሞባይል ጥገና ቤት ቀጭን መበየጃ ሊዱን በደንብ አያቀልጠውም። ላዩ የተያዘ የሚመስል፣ ውስጡ ግን ያልያዘ ብየዳ ይወጣና በንጂ መሃል ይለቃል። 60 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሰፊ ጫፍ ያለው መበየጃ ያስፈልጋል።

በደጋና በአቧራ መሬት

ስለ ሪሞት ትራክ የሚጻፈው አብዛኛው ምክር ለባሕር ወለል የቀረበ አገርን ያሰበ ነው። ጥያና ቡታጅራ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናቸው። በ2000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል። በነዳጅ የሚሠራ የኒትሮ ሞተር በዚሁ ልክ ኃይል ያጣል፤ የሚያገኘው አየር ስለቀነሰ የነዳጅ መርፌውም በመጠኑ መዘጋት አለበት። የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ምክንያት ጉልበቱ አይቀንስም፤ ግን የሚያቀዘቅዘው አየር ስስ ነው። በመሆኑም ለባሕር ወለል ልክ ነው የተባለው ፒኞን እዚህ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ቢቀነስ ይመረጣል።

ከቡታጅራ አካባቢ የእሳተ ገሞራ ኮረብታዎች የሚወጣው ቀይ አሽ በመንገድ ሥራ ላይ ይውላል። አቧራው ስለታም ስለሆነ ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ኩሽኔታው በጣት ሲዞር የሚያንቋቋ ከሆነ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አዲስ ግሪስ ይደረግበታል፤ ካልተሻለው ይቀየራል። ደብልዩዲ-40 መርጨት ያለውን ግሪስ አጥቦ ስለሚያወጣ ለጥቂት ቀን አስመስሎ ከዚያ ያባብሰዋል። በክረምት ደግሞ ጭቃው አለ። «ውሃ አይገባውም» የተባለው ኤሌክትሮኒክሱ እንጂ ኩሽኔታውና ብሎኑ አይደለም። ጭቃው ሳይደርቅ በብሩሽ ማስለቀቅ፣ ጎማዎቹን አንሥቶ ጥቂት ማዞርና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይበቃል።

ድንጋይ የሚወጣ ክሮውለር ያለው ሰው በጥያ ዓይኑ ትክል ድንጋዮቹ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ ቦታው ግን እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የመቃብር ሥፍራ ነው። በዙሪያው ሌላ ድንጋይ ሞልቷል።

መለዋወጫ

ከክፍሎቹ ውስጥ የአምራቹን ስም የማይጠይቁት ጥቂት አይደሉም። ኩሽኔታ በሦስት ልኮቹ ይታወቃል፤ በብዙ የ1/10 ትራኮች ላይ ያለው የውስጡ 5፣ የውጪው 11፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር ሲሆን ቁጥሩ ኤምአር115 ነው። ብሎኑ በአብዛኛው ኤም3 ነው፤ መፍቻዎቹ 1.5፣ 2 እና 2.5 ሚሊሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ናቸው። ጥራት የሌለው መፍቻ የብሎኑን ራስ ስለሚያከብበው የመጀመሪያው ገንዘብ ለመፍቻ ቢወጣ አያስቆጭም። ብረት ከብረት ጋር በሚታሰርበት ላይ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ ይደረጋል፤ ፕላስቲክ ላይ ግን አይደረግም፣ ፕላስቲኩን ያሰነጥቃልና። ለሾክ የሚሆነው የሲሊኮን ዘይት ነው፤ የመኪናና የሞተርሳይክል ዘይት የሲሊኮን ጎሚኒዎችን ያሳብጣል።

ማርሽ፣ ሴሚያስና ብራቾ ግን በመለያ ቁጥራቸው ከውጭ መምጣት አለባቸው፤ መንገዱም ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው። ባትሪ ሲላክ የአየር ጉዞ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለብቻቸው የታሸጉ የሊቲየም አዮን ባትሪዎች በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላኩ ተከልክሏል። መንገደኛ መለዋወጫ ባትሪን በእጅ ሻንጣው፣ ጫፎቹን ሸፍኖ ይይዛል እንጂ ወደ ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አያስገባም። ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ የሚያዘው እስከ 100 ዋትሰዓት ነው፤ ከ100 እስከ 160 ያለው ፈቃድ ይጠይቃል። ዋትሰዓት የሚገኘው ቮልትን በአምፒርሰዓት በማባዛት ነው፦ ባለ 11.1 ቮልት፣ 5000 ሚሊአምፒርሰዓት ባትሪ 55.5 ዋትሰዓት ስለሆነ ያልፋል፤ ተመሳሳይ አቅም ያለው ባለ ስድስት ሴል፣ 22.2 ቮልት ባትሪ ግን 111 ስለሚደርስ ዘመድየው ቲኬት ሲቆርጥ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።